ሙዳየ ምጽዋትን ወደ ስልክ ስለ ማዛወር፤ በሐርጌሳ ለሚገኙ ማኅበራት ጸሐፊዎችና ገንዘብ ያዦች የተዘጋጀ መመሪያ

መጋቢት 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በሶማሌላንድ የኮሮና በሽታ የያዛቸው የመጀመሪያዎቹ ሰዎች መገኘታቸው በተነገረ ጊዜ፣ ኢትዮጵያ የየብስ ድንበሮቿን ከዘጋች ገና አንድ ሳምንት ያህል መሆኑ ነበርና፣ በድንበሯ ከተማ በቶጎ ውጫሌ በኩል ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ የኖረው ዘመድ ባለበት ቀርቶ፣ በሐርጌሳ የሚኖረው የአገራችን ሰው ከሌላው ጊዜ ይልቅ እርስ በርሱ መረዳዳት በሚያስፈልገው በዚያው ሰዓት መሰብሰብ አስፈሪ ሆነበት። ዕድር ያለ ስብሰባ፣ ዕቁብ ያለ ዕጣ፣ የጽዋ ማኅበርም ያለ ጽዋ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ ተነሣ። በሽታው ቢበርድም ጥያቄው አልሞተም። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አባቶቻችንን የፈጀው ብድብድ ካለፈ ከመቶ ዓመት በኋላ ሌላው እንደ መጣ፣ ከዚህም ወዲያ ደጅ የሚዘጋበት ቀን መምጣቱ አይቀርም፤ ያም ቀን ሲደርስ መዝገብ አቅፎ የሚጨነቀው እርስዎ ስለሆኑ፣ ክቡር ጸሐፊ ወይም ክቡር ገንዘብ ያዥ ሆይ፣ ይህን መመሪያ በሰላሙ ወራት ቢያነቡት ይሻላል።

አስቀድሞ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በሌላ አገር ያሉ የበጎ አድራጎት ማኅበራት በዚያ ዘመን እጅግ የደከሙት ገንዘብን ከእጅ አውጥተው ወደ ስልክና ወደ ኢንተርኔት ለማስገባት ነበር፤ በሐርጌሳ ግን ይህ ሥራ ወረርሽኙ ከመድረሱ ከአሥር ዓመት በፊት ተፈጽሞ ቆይቷል። ቴሌሶም የተባለው የስልክ ኩባንያ ዛድ የሚባለውን የገንዘብ ማስተላለፊያ የጀመረው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው፤ የአገሩ ገንዘብ ትልቁ ኖት 5,000 ሽልንግ ስለሆነ፣ ወረርሽኙ በገባበትም ዓመት አንድ ዶላር 8,500 ሽልንግ ያህል ይመነዘር ስለ ነበር፣ መቶ ዶላር ለመክፈል የፈለገ ሰው በትልቁ ኖት እንኳ 170 ቅጠል መቁጠር ነበረበት፤ በመንገድ ዳር ሽልንግን እንደ ጡብ ደርድረው የሚቀመጡትን መንዛሪዎች ያየ ሁሉ፣ ሻይ የምታፈላው ሴት ሳትቀር ለምን በስልክ መቀበል እንደ መረጠች አይጠፋውም። ዛድ ደግሞ ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ ኮከብና መሰላል ተጭኖ ቁጥር መጻፍ የሚችል ተራ ስልክ ይበቃዋል፤ ከሰው ወደ ሰው ለሚላከውም ገንዘብ የአገልግሎት ዋጋ ሳይቀበል መነሣቱ በከተማው እንዲሠለጥን ዋናው ምክንያት ሆኗል። ዳሃብሺል የተባለው የሐዋላ ድርጅት ወገን የሆነው ሌላው የስልክ ኩባንያ ሶምቴልም ኢ-ዳሃብ በሚባለው በዚሁ መንገድ ተከትሎታል።

እንግዲህ ወደ ስልክ ሳይገባ የቀረው ምንድን ነው ቢሉ፣ ምስክሩ ነው። በአዳራሹ ገንዘብ ያዡ በጠረጴዛው ላይ እየቆጠረ ይቀበላል፤ ጸሐፊው ስም ይጠራል፤ ከፋዩ ይፈርማል፤ በወንበሩ ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠው አባልም ሳይታወቀው የሒሳብ መርማሪ ሆኖ ይሰማል። በስልክ ሲሆን ግን ሰጪው በጓዳው ለብቻው ይጫናል፣ ገንዘቡም በአንድ ሰው ሲም ካርድ ውስጥ ይወድቃል፤ ያየ የለም። ብዙ ማኅበር በወረርሽኙ ጊዜ ገንዘብ አጥቶ ሳይሆን አመኔታ አጥቶ እንደሚፈርስ የማምነው ስለዚህ ነው፤ ከዚህ በታችም የምመክረው ሁሉ ያንን በአዳራሽ የቀረ ምስክር በሌላ መንገድ ወደ ቦታው ለመመለስ የታሰበ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ የአባላቱን መዝገብ እንደ አዲስ መጻፍ ነው። በአሮጌው መዝገብ ስምና የወር መዋጮ ብቻ ይገኝ እንደ ሆነ፣ በአዲሱ ላይ ግን የእያንዳንዱ አባል ስልክ በየትኛው ኩባንያ እንደ ሆነ ይጻፉ፤ የሁለቱ ኩባንያዎች መስመሮች ለብዙ ዘመን እርስ በርሳቸው ሳይገናኙ ስለ ኖሩ፣ ሁለት ሲም የሚይዘው ሰው ብዙ ነው፤ አንዱን ብቻ የያዘውም በሌላው በኩል ቢፈለግ አይገኝም ነበር። ቀጥሎ ስማርት ስልክ ያለውንና ተራ ስልክ ያለውን ይለዩ። ከዚያም፣ ይህ እንኳ የማያስደስት ጥያቄ ቢሆንም፣ ማን ማንበብ እንደሚችልና ማን እንደማይችል፣ ማን አማርኛ፣ ማን ኦሮምኛ፣ ማን ሶማልኛ ብቻ እንደሚሰማ በትሕትና ጠይቀው ይመዝግቡ። በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እኅቶቻችንን በሚመለከት አንድ ተጨማሪ መስመር ያስፈልጋል፤ ይኸውም በየትኛው ሰዓት ስልክ ማንሣት እንደሚችሉ ነው፤ ከአሠሪያቸው ፊት መናገር የማይችሉ ብዙዎች ናቸውና፣ እርስዎ በደግነት በማይገባ ሰዓት ቢደውሉ ጉዳት ያደርሱባቸው ይሆናል። በመጨረሻ ለእያንዳንዱ አባል አንድ የቅርብ ሰው ስልክ ይያዙ፤ የታመመ ሰው ስልኩን የማያነሣው ባትሪ ስለ ሞተበት ይሁን ወይም ራሱ ስለ ደከመ የሚያሳውቅዎ ሌላ መንገድ የለም።

ይህ መዝገብ በሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ በወረቀት በሌላ ሰው ቤት፣ ሌላው በፎቶ ተነሥቶ በሁለት ሹማምንት ስልክ ውስጥ ይቀመጥ። መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ምሽት የሐርጌሳው የዋሂን ገበያ በእሳት በጋየ ጊዜ፣ በአንድ ሱቅ መሳቢያ ብቻ የነበረ የብድርና የዕዳ መዝገብ ከዕቃው ጋር ነድዶ ምን ያህል ክርክር እንደሚያስከትል መገመት አያዳግትም። በስልክ የገባው ገንዘብ ግን ከሱቁ ጋር አልነደደም።

ሁለተኛው ሥራ የገንዘብ ማስቀመጫውን ማበጀት ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባ እርሱ ነው። ማኅበርዎ በሕግ የተመዘገበ ከሆነ ወደ ኩባንያው ቢሮ በአካል ሄደው በማኅበሩ ስም ሒሳብ እንዲከፈትልዎ ይጠይቁ፤ ነጋዴዎች የሚቀበሉበት ዓይነት የንግድ ቁጥር ቢሰጥዎ የከፋዮቹን ዝርዝር በቀላሉ ማግኘት ይችላሉ። ያልተመዘገበ ዕድር ከሆነ ሲሙ በአንድ ሰው ስም መሆኑ ስለማይቀር፣ ያ ሰው ሲሙና በውስጡ ያለው ገንዘብ የእርሱ ሳይሆን የማኅበሩ መሆኑን በሦስት ምስክሮች ፊት ጽፎ ይፈርም፤ ቢሞትም ለወራሾቹ እንደማይተላለፍ በግልጽ ይጻፍ። ይህን መጻፍ ነውር አይደለም፤ ሳይጻፍ ቀርቶ ሬሳ ከወጣ በኋላ ከባል ወይም ከሚስት ጋር መከራከር ነው ነውሩ።

ከዚያ በኋላ ሥልጣኑን በሁለት ይክፈሉት። ስልኩን የሚይዘው አንዱ፣ የምስጢር ቁጥሩን የሚያውቀው ሌላው ይሁን፤ ገንዘብ የሚወጣበት ሰዓት ሲደርስ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ወረርሽኙ መገናኘትን ቢከለክል እንኳ በደጅ ላይ ሁለት ሜትር ተራርቀው መቆም ይቻላል፤ ቁጥሩን የሚያውቀው ራሱ ተጭኖ ስልኩን ይመልሳል። ገንዘብ ለመቀበል ግን የምስጢር ቁጥር አያስፈልግምና ስልኩን የያዘው ሰው ቀኑን ሙሉ እየተቀበለ መመዝገብ ይችላል። ገንዘብ ያዡ የማኅበሩን ሲም ከግል ሲሙ ጋር በአንድ ስልክ ቢጨምረው፣ ዛሬ ስለ ቸኮለ ብቻ ከማኅበሩ ሒሳብ ዳቦ ይገዛና ነገ ይመልሰዋል፤ ሰውየው ሌባ ስለ ሆነ ሳይሆን ጣት ስለ ተሳሳተች ነው፤ ሒሳቡ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አይገጥምም። ስለዚህ ለማኅበሩ ብቻ የሚሆን ርካሽ ተራ ስልክ ይግዙለት።

ዶላሩና ሽልንጉ በአንድ መዝገብ እንዳይደባለቁ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መዋጮውን በዶላር የሚከፍል አባል አለ፤ ደመወዙን በሽልንግ የሚቀበል አባልም አለ፤ ከሐረር ወይም ከጅግጅጋ የሚረዳ ዘመድ ደግሞ በብር ያስባል። መዝገቡ በአንዱ ብቻ፣ ይልቁንም በዶላር ይሁን፤ በሽልንግ የገባው ሁሉ በገባበት ቀን የመንገድ ምንዛሪ ተተምኖ፣ ምንዛሪው ራሱ በጎኑ ይጻፍ። ይህን አንድ ቁጥር መጻፍ የሰነፈ ጸሐፊ ከሦስት ወር በኋላ በጉባኤ ፊት ቆሞ የሚመልሰው መልስ ያጣል።

ሦስተኛው ሥራ ደረሰኝ ነው። ኩባንያው የሚልከው አጭር መልእክት ገንዘቡ መድረሱን ይናገራል እንጂ ለምን እንደ ደረሰ አይናገርም፤ ስለዚህ ከእርስዎ ዘንድ ሌላ መልእክት በዚያው ቀን መሄድ አለበት። ለምሳሌ እንዲህ ያለ ይሁን፦ «ወይዘሮ እገሊት፣ የጥቅምትና የኅዳር መዋጮ 10 ዶላር ደርሶናል። የደረሰኝ ቁጥር 214። እግዚአብሔር ይስጥልን። ከዕድሩ ጸሐፊ።» ተቀባዩ እስላም ከሆነ ምርቃቱን እንደ ሃይማኖቱ ያድርጉት፤ በሐርጌሳ የአገራችን ሰው ዕድር ክርስቲያንም እስላምም በአንድነት ይዞ እንደሚገኝ የታወቀ ነውና፣ በመልእክት ላይ የተጻፈች አንዲት ቃል ጎረቤትን ታርቃለች ወይም ታቀርባለች። የደረሰኝ ቁጥሩ ግን ተራውን ሳይዘል መሄድ አለበት፤ ከ213 ቀጥሎ 215 የመጣበት መዝገብ 214 የት ሄደ ያሰኛልና።

በየሳምንቱ ዓርብ፣ የሥራ ዕረፍት በሆነበት ቀን፣ የገባውና የወጣው ጠቅላላ ሒሳብ ለሁሉም ይላክ፤ ስማርት ስልክ ላላቸው በቴሌግራም ወይም በዋትሳፕ፣ ለሌሎቹ በአጭር መልእክት፣ ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ በድምፅ። በድምፅ ሲባል ጸሐፊው ራሱ እየደወለ ለእያንዳንዱ ያንብብ ማለት አይደለም፤ አባላቱ በአሥር በአሥር ተከፍለው በየአሥሩ ላይ አንድ አለቃ ቢሾም፣ እርሱ ለዘጠኝ ሰው መደወል ይችላል። በስብሰባ ቀን አንድ ሰው የቀረ እንደ ሆነ ባዶ ወንበሩ ይታይ የነበረውን፣ አሁን የአሥር አለቃው ጆሮ ይተካዋል።

የሰጪዎች ስም ይገለጥ ወይስ ይሰወር? ባለጸጎች ከተትረፈረፋቸው ሲጥሉ ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት ወንጌል ያመሰገናት በሙዳየ ምጽዋቱ ፊት የተቀመጠ ስላያት ነው፤ ቀኝ እጅህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ የሚለውም ትምህርት በወንጌል ይገኛል። የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው፤ የወር መዋጮ ግዴታ ስለሆነ በስም ይገለጥ፤ በፈቃድ የሚሰጥ ምጽዋት ወይም ሰደቃ ግን ሰጪው ካልፈቀደ በደረሰኝ ቁጥር ብቻ ይጠቀስ፤ ቁጥሩን የሚያውቀው ሰጪው ራሱ ስለሆነ በዝርዝሩ ውስጥ አይቶ ልቡ ያርፋል። የተቀባዮች ስም ግን በምንም ምክንያት አይገለጥ። ይህን የምለው ስለ ክብር ብቻ አይደለም፤ ከወገኖቻችን መካከል የመኖሪያ ወረቀት ያልጨረሰ፣ ከአሠሪው የኮበለለ፣ ባሕር ሊሻገር አስቦ መንገድ የቀረ ሊኖር ይችላልና፣ ዱቄት ተሸክሞ የተነሣው ፎቶ በስንት ሰው ስልክ ውስጥ እንደሚዞር የሚያውቅ የለም። ለዕርዳታ ሰጪዎች ማስረጃ ያስፈልጋል የሚሉ እንደ ሆነ የዱቄቱን ከረጢትና የሱቁን ደረሰኝ ያንሡ፤ ሰውየውን ይተዉት።

ከባሕር ማዶ የሚመጣው ዕርዳታ ሌላ ምዕራፍ ነው። የሶማሌላንድ ሰዎች በ1988 እ.ኤ.አ. ከተማቸው በአውሮፕላን ተደብድባ ወደ እኛ አገር ሲሰደዱ፣ ሀርተሼክም በዓለም ከታወቁት ታላላቅ የስደተኛ ሰፈሮች አንዱ ሲሆን፣ በአውሮፓና በዓረብ አገር ያለው ዘመድ የሚልከው ገንዘብ የሚደርሳቸው በሐዋላ ነበር፤ በ1970 እ.ኤ.አ. በቡርዖ የተመሠረተው ዳሃብሺልም ከዚያ መከራ ወጥቶ ትልቅ የሆነው በዚሁ ሥራ ነው። እርስዎም ከለንደን ወይም ከሚኒሶታ የሚረዳ ወዳጅ ካለዎት ከሁሉ የቀለለው መንገድ ይኸው ሐዋላ ነው። ሆኖም ላኪው በባንኩ በኩል ሲጠየቅ የሚመልሰው መልስ እንዳያጣ፣ ዓላማውን በአንድ አጭር ደብዳቤ ጽፈው ይላኩለት፤ ለስንት ቤተሰብ፣ ለምን ጉዳይ፣ በማን እጅ እንደሚደርስ ይጻፍበት። በ2013 እ.ኤ.አ. ባርክሌይስ የተባለው የእንግሊዝ ባንክ የዳሃብሺልንና የሌሎችን ሐዋላዎች ሒሳብ ልዝጋ ብሎ ብዙ ጭንቀት አስነሥቶ እንደ ነበር ስለሚታወስ፣ ለዚህ ክፍለ ዓለም የሚላክ ገንዘብ ከሌላው ይልቅ ጥያቄ እንደሚበዛበት አውቆ መዘጋጀት ብልህነት ነው።

ጎፈንድሚን በመሰለው የኢንተርኔት መለመኛ ለመጠቀም የሚያስብ ሰው፣ ገንዘቡን የሚያወጣው ሰው ድርጅቱ በሚሠራባቸው አገሮች የሚኖርና በዚያው አገር ባንክ ሒሳብ ያለው መሆን እንዳለበት፣ ሐርጌሳም ከእነዚያ ውስጥ እንደሌለች ይወቅ። ስለዚህ በውጭ የሚኖር አንድ ታማኝ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ብቻውን እንዳይሆን ሁለተኛ ሰው በዚያው አገር ሒሳቡን የሚያይ ይመደብለት፤ ገንዘቡ ከመድረሱ በፊት ተቀናሹ ስንት እንደሆነ አስቀድሞ ይነገር። ይህ መንገድ እንደሚሠራ ያየነው በቤሩት ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በሊባኖስ በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ እኅቶቻችን ያቋቋሙት «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለ ማኅበር፣ በ2020 እ.ኤ.አ. የአገሩ ገንዘብ ወድቆ፣ ወረርሽኙም ተጨምሮ፣ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን አምጥተው በኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ሲጥሉ፣ በኢንተርኔት እርዳታ እየለመነ ምግብና የቤት ኪራይ ሲያድል ነበር። ታላላቆቹ ድርጅቶች ሳይደርሱ የደረሱት ራሳቸው የችግሩ ባለቤቶች መሆናቸውን ሳስበው፣ በሐርጌሳው ኮድቡር ሰፈር ያለ አንድ ዕድር ያን ያህል ሊሠራ የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ ልመናው ምሽት እንምጣ። በአገር ቤት የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በ2017 ዓ.ም. በዩቲዩብ የቀጥታ ሥርጭት ያደረገውን የገንዘብ ማሰባሰብ ያዩ ሁሉ፣ ያንኑ በሐርጌሳ መድገም ይቃጣቸዋል። የዚያ ነገር ምስጢር ካሜራው አልነበረም፤ የሰጪው ስምና የሰጠው መጠን ወዲያው መነገሩ፣ ሰሚውም ከሰጪው ጋር አብሮ የተቀመጠ ያህል መሰማቱ ነበር። ይህን ለማድረግ ቪዲዮ አያስፈልግዎም። ሁለት ሰዓት ቪዲዮ ለማየት የሚያስፈልገው የኢንተርኔት ጥቅል ዋጋ፣ ብዙ ጊዜ አባሉ ሊሰጥ ካሰበው መዋጮ የማይተናነስ ስለሆነ፣ በድምፅ ብቻ፣ ከአርባ ደቂቃም ሳይበልጥ ያድርጉት። ሰዓቱን ከምሽቱ 3 ቢያደርጉት የዒሻእ ሶላት ያበቃል፣ የቤት ሠራተኛዋም ሥራዋን ትጨርሳለች፤ በበጋቸው ወራት በለንደን ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ በዋሽንግተን ደግሞ ከቀኑ 8 ሰዓት ስለሚሆን የውጭ ወዳጆችም ይደርሱበታል። ረመዳን ከሆነ ከአፍጥር በኋላ ጊዜ ይስጡ፤ ዐቢይ ጾም ከሆነ ሕማማትን አይጋፉ።

የምሽቱ ሥርዓት አጭር ይሁን። ሽማግሌ ይመርቁ፤ ጸሐፊው የተፈለገውን ነገርና መጠኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር፤ ገንዘብ ያዡ እየገባ ያለውን በየአምስት ደቂቃው ያንብብ። «ለተቸገሩ ወገኖች» ከማለት «ለአሥራ አራት ቤተሰብ የአንድ ወር ኪራይ፣ ለእያንዳንዱ 60 ዶላር» ማለት እጅግ ይበልጣል፤ ሰሚው 60 ዶላር መስጠት ባይችል 15 ሰጥቶ የአንድ ሳምንት ጣሪያ እንደ ከፈለ ይቆጥረዋል። ቃል የገቡ ሰዎች ዝርዝር ለብቻው ይያዝ፤ በአዳራሽ ቃል የገባ ሰው ሲወጣ በሩ ላይ ይከፍል ነበር፣ በስልክ ግን በማግሥቱ ካልተደወለለት ይረሳል። ሁለት ጊዜ ያስታውሱት፤ ሦስተኛውን ይተዉት።

ስለ አገልግሎቱ ደግሞ እንነጋገር፤ ገንዘብ ሰብስቦ መቀመጥ ማኅበር አያሰኝምና። ምግብ ከማደል ይልቅ ገንዘቡን በቀጥታ በተቀባዩ ስልክ መላክ በዚህ ከተማ ይቀላል፤ ዱቄት ለመቀበል የሚሰለፍ ሕዝብ አይኖርም፤ እናቲቱም ልጇ ወተት እንጂ ዱቄት እንደማያስፈልገው ታውቃለች። አንዳንድ ሰው ጫት ይገዛበታል ብለው የሚፈሩ ሹማምንት አሉ፤ እኔ ግን ከአሥር አንዱ ያን ቢያደርግ እንኳ ዘጠኙን በፀሐይ ማሰለፍ ተገቢ ቅጣት አይመስለኝም። ስልክ የሌለው ወይም ስልኩ በአሠሪው እጅ የሆነ ሰው ሲገኝ ብቻ፣ ከሰፈሩ ባለሱቅ ጋር ተስማምተው፣ ለሱቁ ከፍለው ዕቃውን ይውሰድ።

ከሁሉም አገልግሎት ይልቅ በስልክ ሊሰጥ የሚገባው፣ ወጪውም እጅግ ጥቂት የሆነው፣ ማስተርጐም ነው። በሐርጌሳ ግሩፕ ሆስፒታል ወይም በኤድና አዳን ሆስፒታል ደጅ አንዲት ከጎንደር ወይም ከወሎ የመጣች ልጅ፣ ሶማልኛ ገና ያልቀናት፣ ሐኪሙ የሚጠይቃትን ሳትረዳ «አዎ» እያለች ራሷን ስትነቀንቅ ምን ያህል አደጋ እንዳለ ያስቡ፤ ያመማት ሆዷ ሲሆን ስለ ሳል ትመልሳለች። በወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ አስታማሚ አብሮ እንዳይገባ ይከለከላል። ስለዚህ ሶማልኛና አማርኛ፣ ቢቻል ኦሮምኛም አጣርተው የሚያውቁ ስድስት ወይም ስምንት ሰዎች ይምረጡ፤ በተራ በተራ የሚጠብቁበት ሰንጠረዥ ይሥሩ፤ አንድ ቁጥር ብቻ ለአባላት ይስጡ፤ በሽተኛዋ ያንን ቁጥር ደውላ ስታቋርጥ ተርጓሚው መልሶ ይደውላል፤ ስልኩ በድምፅ ማጉያ በሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ተርጓሚዎቹን አስቀድመው የሚያስጠኑአቸው ቃላት አሉ፤ ውጋት፣ ምጥ፣ ደም ግፊት፣ ትኵሳት፣ አለርጂ፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ። የሰሙትን ለማንም እንዳይናገሩ ቃል ይግቡ፤ የንስሐ አባት ምስጢር የሚጠብቀውን ያህል። የስልኩ ወጪ ከማኅበሩ ይከፈል፤ ተረጂ በካርዱ ገንዘብ እርዳታ እንዲፈልግ ማስገደድ የእርዳታውን ስም ያጠፋል።

የሕፃናት ትምህርት እንዲህ አይቀልም። በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ወራት የከተማው ትምህርት ቢሮ ትምህርቱን በቴሌግራም ማድረሱ ይታወሳል፤ በአንድ ክፍል ውስጥ አምስት ሆኖ ለሚኖር፣ ስልኩም አንድ ለሆነ ቤተሰብ ግን ይህ እንደማይበቃ ግልጥ ነው። ፊደል ለሚቆጥሩ ልጆች በቀን አንድ የሦስት ደቂቃ የድምፅ መልእክትና በወረቀት የሚበተን አንድ ገጽ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ተስፋ አይስጡ።

ለቅሶም ወደ ስልክ የሚዛወረው ግማሹ ብቻ ነው። ሚያዝያ 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በተከበረው የትንሣኤ በዓል ምእመናን በየቤታቸው ሆነው ሥርዓተ ቅዳሴውን በቴሌቪዥን እንደ ተከታተሉ የሚያስታውስ ሰው፣ ጸሎት ርቀትን እንደሚችል አይጠራጠርም፤ ሬሳ ግን በስልክ አይገነዝም። ስለዚህ ቀባሪዎች በተራ የሚመደቡ ስድስት ሰዎች ብቻ ይሁኑ፤ ጓንትና የፊት መሸፈኛ አስቀድሞ ተገዝቶ ይቀመጥላቸው፤ የተቀሩት አባላት በስልክ ያጽናኑ። የማጽናናቱም ሰዓት ይከፈል፤ ሁሉም በአንድ ምሽት ቢደውል ሐዘንተኛው ያንኑ ታሪክ ሠላሳ ጊዜ ሲደግም ያድራል፣ በአምስተኛው ቀን ግን ስልኩ ዝም ይላል። የመጀመሪያው አሥር በመጀመሪያው ቀን፣ ሁለተኛው አሥር በሦስተኛው፣ ሦስተኛው አሥር በሰባተኛው፣ የቀሩት በአርባው ዋዜማ ይደውሉ።

አጭበርባሪዎች እንደ በሽታው ሁሉ ሰዓት አይመርጡም። «በስህተት ገንዘብ ልኬልዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ» የሚል መልእክት ሲመጣ፣ ገንዘቡ በእርግጥ መግባቱን በሒሳቡ ውስጥ ሳያዩ አንዲት ሳንቲም አይመልሱ፤ ገብቶም ቢሆን ጉዳዩን ወደ ኩባንያው ቢሮ ይምሩት። የማኅበሩ ቁጥር ተቀይሯል የሚል ጽሑፍ በምንም ጊዜ አይታመን፤ ቁጥር የሚቀየረው ሁለት የታወቁ ሹማምንት በየራሳቸው ድምፅ ሲያስታውቁ ብቻ መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን ለአባላት ይንገሩ። ድምፅም በዚህ ዘመን ሊመሰል ስለሚችል፣ የአሥር አለቃው መልሶ ደውሎ ያረጋግጥ።

የመጨረሻው ሥራ ርክክቡ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋውም እርሱ ነው። ገንዘብ ያዡ ሥራ አግኝቶ ወደ በርበራ የሚሄድ ወይም ወደ አገር ቤት የሚመለስ ሲሆን፣ አሮጌውና አዲሱ ገንዘብ ያዥ ከጸሐፊው ጋር ሆነው ወደ ኩባንያው ቢሮ ይሂዱ፤ የሲሙ ባለቤትነት በአዲሱ ስም ይዛወር፤ በዚያው ቀን በሒሳቡ ያለው ገንዘብ በሦስቱም ፊት ተነብቦ በመዝገቡ የመጨረሻ መስመር ላይ ይጻፍ፤ የምስጢር ቁጥሩም ይለወጥ። አሮጌው ስልክ ለአዲሱ ከነባትሪ መሙያው ይሰጠው፤ የመጨረሻው የደረሰኝ ቁጥር ስንት እንደ ነበርም በመዝገቡ መስመር ጎን ይጻፍለት፤ ቀጣዩን ደረሰኝ የሚጽፈው ከዚያ ጀምሮ ነው።